የሚጨሰው ቁጥቋጦ

የቤተ ክርስቲያናችንን የሠላሳ ዓመት ጥል ያበረድኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ነበር፤ አንድ የፊት ጥርስ ጎድሎኛል፤ ዕርቁንም የፈጸምኩት በአንድ ጭልፋ እርሳስ፣ በአንድ እፍኝ ጭቃ እና በሁለት ውሸት ነው። መቶኛ ዓመታችን ሲከበር በወጣው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ታላቅ ነገር እንዴት እንደ ተጻፈ ልንገራችሁ፦ «በዚያው ዓመት በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል መቀራረብ ተጀመረ።» አለቀ። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ጣሪያው እድሳት ሁለት ገጽ ተኩል አለ። ቆርቆሮውን የመታው ሰውዬ ፎቶ እንኳ ወጥቶለታል።

እንግዲህ እኔው ልናገረው።

ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ጳጳስ የለም፤ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ምእመኑ ራሱ ይመርጣቸዋል፤ ከመረጣቸው በኋላ ደግሞ ራሱ ይፈራቸዋል። የኛ ዋና ሽማግሌ አናጺ ነበሩ። ቁመታቸው በር ያክላል፤ የትም ሲገቡ ጎንበስ ብለው ነው። (ያ በር ዛሬም አለ። ባለፈው ዓመት ሄጄ አየሁት፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ።) ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ የሰደርያቸው ኪስ ውስጥ ናት። ሲያስተምሩንም፣ ሲጸልዩም፣ ከሰው ሲከራከሩም ያቺ እጅ ኪስ ውስጥ ሆና አንድ ነገር ታሻለች። እኛ ልጆች ከረሜላ ነው ብለን ተማምለናል። ለማንም የማይሰጥ ከረሜላ። በዚህ ምክንያት ብቻ አንወዳቸውም ነበር።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከኛ በር ፊት ለፊት፣ ሌላ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለ። ያው መስኮት፣ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ረጅም ስብከት። ልዩነቱ ኦርጋን ነው። እኛ የምንዘምረው በባዶ ጉሮሮ ነበር። አባቴ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሲሆን እሁድ እሁድ ደግሞ መዝሙር መሪ ነው፤ ከፊት ይቆምና ድምፅ መቃኛ ብረቱን ጉልበቱ ላይ መትቶ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ «ምምም» ይላል። እኛ ከዚያች «ምምም» ተነስተን ሰማይ እንገባለን። የማዶዎቹ ግን ኦርጋን አላቸው። እኔ ከመወለዴ ሃያ ዓመት በፊት «ይግባ»፣ «አይግባ» ሲባባሉ ጉባኤው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ኦርጋኑን ተሸክሞ መንገድ ተሻግሯል። እነሱ እኛን «ደረቆቹ» ይሉናል፤ እኛ እነሱን «ባለ ሳጥኖቹ» እንላቸዋለን። እሁድ ሲሆን በአንድ ሰዓት፣ መስኮት ለመስኮት ተከፍቶ፣ እኛ ስንጮህ እነሱ ሲነፉ መሬት ይንቀጠቀጣል። ወፍ ከዛፍ ይወድቅ ነበር ብላችሁ ማን መጥቶ ያስተባብለኛል?

ያን ኦርጋን የሚጫወተውን ሰው አይቼው አላውቅም። በሐሳቤ ግን ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ፣ ክንዱ የበሬ ጭን የሚያክል አረመኔ ነበር።

አሁን ወደ ምልክቱ። በዓመት ሁለት ጊዜ የጌታ እራት ይቀርባል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ከፊት ይዘረጋል፤ ዳቦውና ወይኑ ይቀመጣል። ግን ዘው ብሎ የሚቀመጥ የለም። ከሳምንት በፊት ሽማግሌው የጥያቄና መልስ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ለተገባው ሰው የአዝራር ያህል ክብ የእርሳስ ብረት ይሰጣሉ። «ምልክት» ይባላል። ፊቱ ላይ የሚነድ ቁጥቋጦ፣ ከሥሩ ቤተ ክርስቲያናችን የተመሠረተችበት ዓመት አለ። እሁድ ዕለት አባሉ ምልክቱን ጠረጴዛው ጫፍ ለቆሙት ሽማግሌ አስረክቦ ይቀመጣል። ምልክት የሌለው ከኋላ ሆኖ ያያል። ከኋላ የምንቀመጠው እንግዶች፣ ልጆች እና አያቴ ነን።

አያቴ መጽሐፍ ቅዱስን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብባለች። (ሰባት ብዬም አውርቼ አውቃለሁ።) ታዲያ እሷ ምን በደለች?

ያን ዓመት ዓርብ ከሰዓት አናጺው ሽማግሌ ቤታችን መጡ። እናቴ እኔን ወደ ማድ ቤት ገፍታ በሩን ዘጋች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የሽማግሌው ወፍራም ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀ። አያቴ በአጭሩ መለሰች። እንደገና ጠየቁ። እንደገና መለሰች። በቁልፉ ቀዳዳ ሳይ አንድ ምልክት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ የሽማግሌው ግራ እጅ አነሳቻትና ወደ ቆዳ ከረጢታቸው መለሰቻት። ቀኛቸው ያው ኪስ ውስጥ ናት። ጎንበስ ብለው ወጡ።

«ዘንድሮም አልሆነም?» አለች እናቴ።

«ሠላሳ ዓመት አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ» አለች አያቴ። «መልሴን ያውቀዋል። ለምን እንደሚደክም እንጃ።»

ክው አልኩ። ሠላሳ ዓመት፣ ያውም አንድ ጥያቄ። እኔ በእሁድ ትምህርት ቤት ስወድቅ ቢያንስ በተለያየ ጥያቄ ነው የምወድቀው። አያቴ በአንድ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ስትደግም የኖረች ሴት ናት። በዚያች ቅጽበት ላስተምራት ወሰንኩ።

ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ማስጠናት ነበረብኝ፤ ከመቶ በላይ ናቸው። ቅዳሜ ጀመርኩ። እሷ ድንች ስትልጥ እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ ከጎኗ ቁጭ አልኩ።

«ስድስተኛው ጥያቄ» አልኩ፤ አነበብኩ።

ሳታየኝ መለሰች። አንድ ቃል አልሳተችም።

«ሠላሳ አራተኛው?»

መለሰች።

«ሰማንያ ሁለተኛው?»

«ሰማንያ ሁለተኛውን ዘለሽ ሰማንያ ሦስተኛውን ነው ያነበብሽው» አለችኝ። «አንቺ ሬዲዮ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያጠናሽው?»

ሬዲዮ የኔ የሰፈር ስሜ ነው። ለምን እንደወጣልኝ እስካሁን ሳይገባችሁ አልቀረም።

«ለፈተና እያዘጋጀሁ ነው» አልኳት።

«ማንን?»

«ራሴን።»

እስከ ረቡዕ ድረስ ጨረስናቸው። አንዱንም አልሳተችም። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ አያቴ ሁሉንም ታውቃለች፣ አናጺው ፊት ስትቀርብ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ይህ ደግሞ በእኔም ይደርሳል። ያ በር የሚያክል ሰው ከላይ ሆኖ ሲያይሽ የገዛ ስምሽ ይጠፋሻል። በጥናት የሚድን በሽታ አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ አያቴና እኔ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እንሄዳለን። ሰማያዊ ቀሚስ አሰፍታ ነበር፤ ልክ ለማየት ነው የምንሄደው። ልክ ማየቱ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ልብስ ሰፊዋ በዓለም ላይ አንደኛዋ ቀርፋፋ ናት ብዬ አስብ ነበር። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር ስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ በወረቀት የተቆረጡ እጅጌዎች፣ ወለሉ ላይ ስፒል። እኔ በማግኔት ስፒል እለቅማለሁ። እነሱ ይለካካሉ፤ ከመለካቱ ይልቅ ሳቁና ሹክሹክታው ይበዛል። ሁለቱም ክር ሲበጥሱ በግራ ጥርሳቸው ነው። ይህንን አስተውያለሁ፤ ትርጉሙ ግን አልታየኝም። ቀሚሱ በሁለት ሳምንት አልቆ እንደነበረ፣ ልብስ ሰፊዋም ረቡዕ ረቡዕ ጠርዙን ተርትራ ታቆየው እንደነበረ የሰማሁት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በዚያ ሐሙስ አያቴ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ስትቀይር ልብስ ሰፊዋን ጠጋ አልኳት።

«እትዬ፣ እርስዎ ምልክት አለዎት?»

መኪናዋ ቆመ። «የምን ምልክት?»

«የእርሳሷ። ለጠረጴዛው።»

«ነበረኝ» አለች። «አንድ ዓመት ሳይሰጡኝ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም።»

«አናጺው ናቸው የከለከሉዎት?»

«እሱ ነበር የመጣው።»

«ጥያቄ ጠይቀው?»

«ጠይቆ። መለስኩለት። መልሴ አልተወደደም።»

ከመጋረጃው ጀርባ የአያቴ ድምፅ መጣ፤ «ተያት ልጅቷን። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።»

እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ዛሬ ቢሰጡዎት ይሄዳሉ?» አልኳት።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ልክ ቁልፍ እንደምትጫን ጣት በጣት። «እየሮጥኩ» አለች።

በቃ። ሁለት ወዳቂዎች፣ ሁለት ምልክት። ቤት እስክደርስ አእምሮዬ ዕቅዱን ጨርሶ ነበር። በኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጣ ልጅ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቴ ያረጁትን የእርሳስ ማተሚያ ፊደሎች ያቀልጣል። ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ የብረት ድስት በከሰል ላይ ይጣዳል፤ ፊደሎቹ መጀመሪያ ይላባቸዋል፤ ከዚያ ሀውም ለውም አንድ ላይ ሟሙተው መስታወት ይሆናሉ። የኔ ሥራ ርቄ መቀመጥ ነው። ያን ቀን ግን ካልሲዬ ውስጥ ከአባቴ ኮት ኪስ የተበደርኳት ምልክት አለች፤ ጉያዬ ውስጥ ደግሞ ከጓሮ ቆፍሬ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያጠነከርኩት ጭቃ። ገና እርጥብ ሳለ ምልክቷን ሁለት ቦታ ተጭኜበት ነበር። ስነቅላት አውራ ጣቴ አዳልጦኝ በሁለቱም ላይ ከቁጥቋጦው አናት አሻራዬ ቀረ። ላጠፋው ብዬ ተውኩት። የሚነድ ቁጥቋጦ አይደል? ጭስ ቢኖረው ምን ይገርማል? እንዲያውም የድሮዎቹ ቀራጮች የረሱትን እኔ አሟላሁላቸው።

ከፊት ለፊት የሠርግ ካርድ የሚያሳትም ደንበኛ ተጣራ። አባቴ «ንክች እንዳታደርጊ» ብሎኝ ሄደ። ጭልፋውን አነሳሁ።

ይህን ስተርክ ብዙ ጊዜ አርባ ምልክት ሠራሁ እላለሁ። ሁለት ነው። ጭቃው ሁለተኛው ላይ ተሰነጠቀ። የተረፈው ጠብታ ደግሞ የቀኝ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ትንፍሽ አላልኩም። አባቴ በበኩሉ እስኪሞት ድረስ ጩኸቴ ገበያው ድረስ ተሰምቶ ነበር ይል ነበር፤ ደንበኛውም ሠርግ ላይ ሆኖ ያወራው ነበር አሉ። ለማንኛውም አባቴ ሮጦ መጣ፤ እጄን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ ጣቴን በጨርቅ ጠቀለለው፤ እየተቆጣም እያባበለም ወደ ቤት ላከኝ። ሁለቱ ምልክቶች ግን ቀዝቅዘው፣ እንደ አዲስ ጨረቃ እያበሩ፣ ካልሲዬ ውስጥ ከእናታቸው ጎን ተኝተዋል።

ወደ ቤት አልሄድኩም። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ በረርኩ።

«ይኸው» ብዬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።

አየቻት። ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። «ማን ላከሽ?»

«አናጺው ሽማግሌ።»

«አንቺን?»

«እግሬ ፈጣን ስለሆነ።»

«ሌላ ያለው ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የሚዋሽ ሰው ሁሉ ዝም የሚባልበትን ቦታ ያውቃል፤ እኔ ግን ተሰጥኦዬ ገና ልጅ ነበር፣ ልጓም አያውቅም።

«ይቅርታ ብለዋል» አልኩ።

«እሱ? በአፉ?»

«በአፋቸው። እንባቸው ሁሉ መጥቶ።»

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ምልክቷን በአንድ እጇ ጨብጣ ሁለተኛ እጇን ዘርግታ አየቻት፤ ጣቶቿን አንድ ባንድ። «ነገ እንግዲህ ሰው ይፈልጉ» አለች ለራሷ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩምም፤ ቸኩያለሁ። ሁለተኛዋን ምልክት የአያቴ መነጽር ማኅደር ውስጥ መክተት ነበረብኝ። የአባቴንም ሳይታወቅ ወደ ኮቱ መመለስ ነበረብኝ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ነጩ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። አናጺው ሽማግሌ ጫፉ ላይ የእንጨት ሳጥናቸውን አስቀምጠው ቆመዋል፤ ቀኛቸው ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላዋን ታሻለች። እኔና አያቴ የኋላ ወንበር ላይ ነን። አያቴ የመዝሙሩን ገጽ ልታይ ማኅደሯን ከፈተች።

እንደምትደሰት ነበር የጠበቅኩት። አልተደሰተችም። ምልክቷን በሁለት ጣት አነሳች፤ ወደ ዓይኗ አቀረበች፤ አራቀች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ አምፑል የሚያህለውን የተጠቀለለ ጣቴን አየች።

«አንቺ።»

«እማማ?»

«ስንት ሠራሽ?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ለልብስ ሰፊዋ ሰጠሁ። አናጺው ይቅርታ ብለው ልከውልዎታል አልኳቸው።»

አያቴ ስትገረጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ክንዴን ያዘች። «በሰው ፊት ያዋርዷታል» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት የሸሸችው ለዚህ ነበር። ተነሽ፣ አሳልፊኝ፣ መንገድ ላይ ልድረስባት።»

ያን ጊዜ አባቴ ብረቱን ጉልበቱ ላይ መታ። «ምምም።» ጉባኤው ተነሳ፤ ወንበሮቹ መሐል መተላለፊያ ጠፋ፤ መዝሙሩ ተጀመረ። አያቴ እየገፋች ወደ መተላለፊያው ስትወጣ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማ። ማለቴ አልተሰማም። ከማዶ ምንም የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝሙራችን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ገብቶ የሚያምሰን ያ ኦርጋን ዝም ብሏል። ሰው ሁሉ የለመደውን ጠላት አጥቶ ተደናገረ። ድምፃችን ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚያወሩ ሰዎች ቀጠነ። አንዳንዱ አንገቱን ወደ መስኮት አዞረ። አባቴ እጁን እያወዛወዘ ብቻውን ቀረ ማለት ይቻላል።

በሩ ተከፈተ።

ልብስ ሰፊዋ ገባች። ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ቀኝ እጇን ጨብጣለች። ይህን በተረክሁበት ቦታ ሁሉ ከኋላዋ የማዶው ጉባኤ በሙሉ፣ መቶ ሰው፣ ተሰልፎ ገባ እላለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሁሌ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቃለች።

ብቻዋን ነበረች።

አያቴ መተላለፊያው መሐል ደርቃ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ከጎኗ ስታልፍ ክንዷን በስሱ ነካ አድርጋት አለፈች። እርምጃዋን እየቆጠርኩ ነበር፤ ሃያ ሰባት። ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰች። መዝሙሩ ሞቷል።

እጇን ከፈተች። «የላክኸው ደርሶኛል» አለች። «ይቅርታህንም ሰምቻለሁ።»

አናጺው ሽማግሌ ምልክቷን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ሌሎቹ ምልክቶች ከሰው እጅ ሰው እጅ ሲሉ ጠቁረዋል፤ ይቺ ግን ከሳጥኑ አፍ ላይ ታበራለች። ወደ ዓይናቸው አቀረቧት። አዞሯት። እንደገና አዩአት። ከዚያ ቀና አሉና ወንበሮቹን አንድ ባንድ አዩ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ አያቴን፣ እስከ ኋላ ድረስ። እኔ ጋ ቆሙ። ጣቴን ከጀርባዬ ደበቅኩ። «ይቺ የኛ አይደለችም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው፤ ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ሃያ ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ባዶ ናት፤ ከረሜላ የለም። ልብስ ሰፊዋን በዚያች እጅ ጨበጧት።

«ዘገየሁ» አሉ። «መዘግየቴን ይቅር በይኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

ምልክቷን ሳጥኑ ውስጥ ጣሏት፤ ኳ አለች። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አያቴ ሄደች። የሷንም ምልክት ሲቀበሉ አዩአት፤ ያው ጭስ። ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ በአያቴ ጆሮ አንድ ነገር ተናገረች፤ አያቴም አፏን በመሐረቧ ያዘች። የተባለውን በኋላ ሰማሁ። «ቀሚሱ አልቋል» ነው ያለቻት።

አባቴ ብረቱን ጉልበቱ ላይ መታ። የመጀመሪያውን ስለሳተ ሁለት ጊዜ ነው የመታው።

ስንወጣ እናቴ ልብስ ሰፊዋን አቅፋ ለቀቀቻትና «ሳሚያት እንጂ፣ የአያትሽ እህት ናት» አለችኝ። ከኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ለሬዲዮ ማን ምስጢር ይነግራል? ኦርጋኑን ስትጫወት የኖረችውም እሷ ናት። ጢም የላትም፤ ክንዷም የስፌት ክር ነው። ያኔ ጉባኤው ሲሰነጠቅ ማዶ ተሻግራ ስለተጫወተች ምልክት ተከለከለች። አያቴ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ ሽማግሌው በመጡ ቁጥር «ብቻሽን ትመጫለሽ?» ሲሏት «ከእህቴ ጋር» ትላለች። ሠላሳ ዓመት የወደቀችበት ጥያቄ ይሄ ነበር።

በሩ ላይ አናጺው ሽማግሌ አስቆሙኝ። የተጠቀለለችውን ጣቴን ያዙ።

«ምን ነካት?»

«በር ዘጋብኝ።»

«በር» አሉ። ከላይ ወደ ታች ሲያዩኝ ቆዩ። «በደንብ የማይገጥም በር ካለ ለኔ ይነገራል። እኔ አናጺ ነኝ።»

አላወቁብኝም ብዬ ሰባት ወንበር ዘለልኩ። በዚያው ሳምንት የሽማግሌዎች ስብሰባ ከእንግዲህ ምልክት እንዳይታደል ወሰነ፤ ሐሳቡን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። የኔዎቹን ካዩ በኋላ የድሮዎቹ አስጠልተዋቸው ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኩ። እውነት ነው፣ ጉባኤዎቹ በወረቀት አንድ እስኪሆኑ ሌላ አራት ዓመትና የማያልቅ ስብሰባ ፈጅቷል፤ ኦርጋኑም መንገዱን ተሻግሮ ሲመለስ በሩ አላስገባው ብሎ አናጺው መቃኑን ነቅለዋል። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ አለ። ዋናው ነገር ግን የኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ትምክህት ኖሬያለሁ።

አናጺው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቤቴ መጣች። የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን ስታራግፍ ከታች ያገኘችውን የክብሪት ቀፎ ሰጠችኝ። በአናጺ እርሳስ «ለሬዲዮ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ውስጡ ሦስት ምልክት አለ። ሁለቱ የኔ ናቸው፤ አሁንም ቁጥቋጦው ይጨሳል። ብርሃን ላይ ሳደርጋቸው ጭሱ ምን እንደሆነ ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል፤ መስመር መስመሩ የሚቆጠር የሕፃን አውራ ጣት። ያን እሁድ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመው ያዩት ይህንን ነው።

ሦስተኛዋ የድሮ ናት። «እህትየዋን የከለከሏት ጊዜ ጉባኤው አባቴን ነው የላከው» አለች ልጃቸው። «የሷን ምልክት ይዞ ሄዶ፣ ሳይሰጥ ተመለሰ። ወደ ከረጢቱ ግን አልመለሳትም። ሰደርያ በቀየረ ቁጥር ከኪስ ወደ ኪስ ሲያዛውራት እናያለን፤ ምን እንደሆነች የነገረን ሊሞት ሲል ነው።»

መዳፌ ላይ አዞርኳት። ቁጥቋጦ የላትም። ዓመቱም የለም። ከመታሸቷ ብዛት ፊቷ ሟሙቶ መሐሏ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።

አውራ ጣቴን መጀመሪያ በራሴ አሻራ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠበበኝ። ከዚያ በሳቸው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሰፋኝ።